ዓሣ አስጋሪው ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ

«ሰው እጁን ቢሰበስብ ዓሣው ሁሉ እኩል ይበዛል።»

የአድሪያቲክ ባሕር መዝገብ ይህን አይደግፍም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የማስገሪያ ጀልባዎች ከወደብ መውጣት ቀነሱ። ጣሊያናዊው የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ኡምቤርቶ ዳንኮና የገበያ መዝገቦችን ሲያገላብጥ አንድ ነገር አስገረመው። በፊዩሜ ወደብ ከተሸጠው ዓሣ የሻርክና የመሰሎቹ ድርሻ በ1914 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 12 ከመቶ ገደማ ነበር፤ በ1918 ከ36 ከመቶ አለፈ። ባሕሩ ሲያርፍ ይበልጥ የተጠቀመው በላተኛው ነው።

ዳንኮና ጥያቄውን በኋላ አማቱ ለሆነው የሒሳብ ሊቅ ለቪቶ ቮልቴራ አቀረበ። ቮልቴራ በ1926 መልሱን በሁለት እኩልታዎች አሳተመ፤ አሜሪካ የነበረው አልፍሬድ ሎትካ በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ በ1925 አሳትሞት ነበር። የመጀመሪያው እኩልታ ታዳኙ በመዋለድ ይበዛል፣ ከአዳኙ ጋር በተገናኘ ቁጥር ይቀንሳል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ አዳኙ የሚበላው ካጣ ይሞታል፣ ካገኘ ይራባል ይላል። ሁለቱ ሲጋጠሙ የሚወጣው ውጤት ግን ማንም በግምት የሚደርስበት አይደለም፤ የታዳኙ አማካይ ብዛት የሚወሰነው በራሱ መዋለድ ሳይሆን በአዳኙ አሟሟትና አደን ነው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚገድል መጠነኛ ማስገር ታዳኙን በአማካይ ያበዛል፣ አዳኙን ያሳንሳል። ማስገሩ ሲቆም ነገሩ ይገለበጣል።

ገበሬም ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በካሊፎርኒያ የብርቱካን እርሻዎች ከአውስትራሊያ የመጣች ጥንዚዛ አንድን ተባይ ለአሥርተ ዓመታት ተቆጣጥራው ኖረች። ዲዲቲ ሲረጭ ጥንዚዛዋ አለቀች፤ ተባዩም ተመልሶ ፈላ።

«አዳኝና ታዳኝ ሁልጊዜ ተመጣጥነው ይኖራሉ» የሚለውስ? በእኩልታዎቹ ውስጥ እንኳ ሁለቱ እየተፈራረቁ ይወጣሉ ይወርዳሉ እንጂ አይረጉም። ሩሲያዊው ጊዮርጊ ጋውዘ በ1930ዎቹ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትን ከበላተኛቸው ጋር በቱቦ ውስጥ ሲያኖራቸው ዑደቱ ጨርሶ አልመጣም። አዳኙ ያለውን ሁሉ በልቶ ራሱም በረሃብ አለቀ። መሸሸጊያ ሲጨመር ታዳኙ ተረፈ፣ አዳኙ ጠፋ። ዑደት የታየው ጋውዘ በየጊዜው ከውጭ አዳዲስ ፍጥረታትን ሲጨምር ብቻ ነው። ሚዛን በራሱ የሚመጣ ስጦታ አይደለም።

የካናዳ ጥንቸልና ሊንክስ የሚባለው የዱር ድመት በየአሥር ዓመቱ ገደማ መብዛታቸውና መቀነሳቸው በየመማሪያ መጽሐፉ የሁለቱ ብቻ ጉዳይ ሆኖ ይቀርባል። በዚያው አገር፣ በዩኮን፣ የተመራማሪው የቻርልስ ክሬብስ ቡድን አንዱን ቦታ አዳኝ እንዳይገባበት አጠረ፣ በሌላው መኖ ጨመረ፣ በሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ። አዳኝ ሲከለከል ጥንቸሉ እጥፍ ገደማ ሆነ፤ መኖ ሲጨመር ሦስት እጥፍ፤ ሁለቱም ሲደረጉ አሥራ አንድ እጥፍ። ሣሩና ቁጥቋጦው ከስሌቱ ቢወጡ ጉዳዩ አይፈታም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ «አዳኝ የሚጠፋው ምግብ ሲያልቅበት ነው» የሚል ሰው ባሌን ይመልከት። በዓለም ከቀሩት ወደ 500 ከሚጠጉ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ሲሆን ፍልፈልና አይጥ እንደ ልብ ነው። ሆኖም በ2003 በተነሳው ወረርሽኝ፣ ከውሻ በመጣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት አለቁ። የሎትካና የቮልቴራ እኩልታዎች በሽታን አያውቁም። በሽታን የጨመረ ሌላ ሞዴል ግን በ2006 ተስፋ የሚሰጥ ነገር አሳየ፤ ከቀበሮዎቹ 20 እስከ 40 ከመቶ የሚሆኑትን ብቻ መከተብ ትልቁን እልቂት ሊያስቀር ይችላል።

በባሌ ዙሪያ ውሻ ያላችሁ ወገኖች፣ በሽታው የመጣው ከውሻ ነውና የውሻ ክትባት ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ ውሻችሁን ይዛችሁ ውጡ።