ቺፕ መንደፊያው ሶፍትዌር አልነሳ ሲል፦ ከማጥፋታችሁ በፊት

ይህ ጽሑፍ የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር ምህንድስና ለሚማሩ ወንድሞችና እህቶች ነው፤ በተለይ ለእረፍት እንደ ደብረ ኤልያስ ወዳሉ ከተሞች ላፕቶፕ ብቻ ይዘው ለሚመለሱት።

ሊኑክስ ላይ የተጫነ ቪቫዶ ምልክቱ ሲነካ ዝም ማለቱ የተለመደ ነው። ብዙዎች ተበላሽቷል ብለው ያጠፉትና እንደገና ሊጭኑት ይነሳሉ። ሶፍትዌሩ ግን በአስር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ እንዲህ ያለውን አንዴ ያጠፋ ሰው በስልኩ መልሶ ሊያወርደው አይችልም ነበር። የጎደለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜጋባይት ያነሰች ፋይል ናት።

ስለዚህ በመጀመሪያ ተርሚናል ከፍታችሁ ስሙን በመጻፍ አስነሱት፤ ስህተቱ ያኔ በጽሑፍ ይወጣል። በብዛት የሚታየው «ሊብቲንፎ 5 የተባለውን ላይብረሪ መክፈት አልተቻለም» የሚለው ነው። ሶፍትዌሩ የተሠራው በአሮጌው ላይብረሪ ነው፤ አዲሶቹ ኡቡንቱዎች ግን 6ን ይዘው ይመጣሉ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ 5ን ከራሱ ማከማቻ መጫን ይቻላል። ከ24.04 ማከማቻ ግን ስለወጣ የ22.04ቱን ዴብ ፋይል ማምጣት ያስፈልጋል። ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም መስመር ወዳለበት የሚሄድ ሰው በፍላሽ ያመጣላችኋል፤ የ64 ቢቱን እንዲያወርድ አስረግጣችሁ ንገሩት። አንዱ ሲሟላ ሌላው ሊጎድል ስለሚችል፣ ሰው ከመላካችሁ በፊት በስህተቱ ላይ ስሙ የተጠቀሰውን የቪቫዶ ፋይል ኤልዲዲ በተባለው ትዕዛዝ ፈትሹት። አልተገኙም የተባሉትን ሁሉ በወረቀት መዝግባችሁ ስጡት። በቪቫዶ በራሱ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ግን ተዋቸው፤ ሲነሳ ራሱ ያገኛቸዋል።

ይበልጥ ግራ የሚያጋባው የላይሰንስ ጉዳይ ነው። ላይሰንስ የሚያድለውን ኤልኤምጂአርዲ ስታስነሱ፣ ፋይሉ ፊታችሁ ተቀምጦ ሳለ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ሊላችሁ ይችላል። የለም የተባለው እርሱ አይደለም፤ እርሱን የሚያስነሳው ኤልዲ-ኤልኤስቢ የተባለ ፋይል ነው። ከተለመደው የ64 ቢት አስነሺ በዚያ ስም ሊንክ ስታበጁለት ይሠራል። ላይሰንሱ ከኔትወርክ ካርድ አድራሻ ጋር የታሰረ መሆኑንም አትርሱ፤ በዩኤስቢ ዋይፋይ የተመዘገበ ከሆነ ዩኤስቢው ሲነቀል ይቆማል።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር አለ። የኬደንስና የሲኖፕሲስ ሶፍትዌሮች ውድ በመሆናቸው የተሰበረ ላይሰንስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ባካሄደው አምስተኛ ጉባኤው፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ ናቸው፣ መጣስም አይፈቀድም ብሎ ወስኗል። አማራጩም ቅርብ ነው፦ ቪቫዶ ነጻ እትም አለው፤ ማጂክና ኬሌይአውት ከነምንጫቸው ክፍት ናቸው። ጎግልና ስካይዋተርም በ2020 እ.ኤ.አ. የ130 ናኖሜትር ቺፕ መንደፊያ መረጃውን ለሁሉም ለቀውታል።

ማጂክ ይህን መረጃ ይዞ ሲነሳ የቴክኖሎጂ ፋይሉን አላገኘሁም ካለ፣ ብዙ ጊዜ መረጃው የት እንዳለ አልተነገረውም ማለት ነው። ፎልደሩን ፒዲኬ ሩት በሚለው ስም በባሽ ማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ ጻፉለትና ተርሚናሉን ዘግታችሁ ክፈቱ።