የኮኮናት ወተት ከቤትዎ

ጾም ሲገባ ለቡናውም ለሩዙም የሚሆን የታሸገ የኮኮናት ወተት ፈልገው ዋጋው አስደንግጦዎት ከሆነ፣ ኮኮናቱን ገዝተው እቤትዎ ያዘጋጁት። ሲገዙ ጆሮዎን አስጠግተው ይወዝውዙት። ውሃው ሲንቦጫቦጭ ካልሰሙ ወይም ሦስቱ ዓይኖቹ ከሻገቱ ይተዉት።

ሲሰብሩት የሚፈሰው ውሃ ወተቱ አይደለም፤ እሱን ይጠጡት። ወተቱ ያለው ነጩ ሥጋ ውስጥ ነው። ሥጋውን ከቅርፊቱ መፈልቀቅ እጅ ያደክማል፤ ግማሾቹን ምድጃ ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል ቢያሞቋቸው ግን በቀላሉ ይላቀቃል። ቆራርጠው፣ በ2 ኩባያ ሙቅ ግን ባልፈላ ውሃ በብሌንደር ይፍጩትና በንጹህ ስስ ጨርቅ አጥብቀው ይጭመቁት።

በሞምባሳና በዛንዚባር «ምቡዚ» በሚሏት፣ ማለትም «ፍየል»፣ ጥርስ ያለው ብረት ከፊቷ በወጣ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው የሚፈቀፍቁት። የመጀመሪያውን ወፍራም ጭማቂ ለብቻው ያስቀምጡታል። አሰሩ ላይ እንደገና ውሃ ጨምረው በሚያገኙት ቀጭን ወተት ቦሎቄውን ያበስሉና ወፍራሙን ሊያወጡት ሲሉ ይጨምሩታል። ለጾም ወጥዎ ይሞክሩት፤ ይጣፍጣል።

ስሙ ግን እንዳያሳስትዎ። ስብ እንጂ ፕሮቲንና ካልሲየም እምብዛም የለውም፤ ስለዚህ ለጨቅላ ልጅዎ የጡት ወይም የቆርቆሮ ወተት ምትክ አድርገው አይስጡት። የላም ወተት የማይስማማው ሕፃን ካለዎት መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ።

የተረፈዎትን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያስቀምጡ ከላይ ነጭ ስብ ይረጋል። አልተበላሸም፤ ሞቅ አድርገው ያማስሉት። ከ3 ቀን በላይ ግን አያቆዩት።