ከልጆቹ በፊት እንየው

አንድ ዓመት የስቅለት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን የተመለስነው ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስንሰግድ ስለዋልን ጉልበታችን ዝሏል። ልጆቹ ከአማቴ ጋር ቤት ቀርተዋል። በሩን ከፍተን ስንገባ ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው፤ አማቴ መቁጠሪያቸውን እንደጨበጡ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የስድስት ዓመቷ ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ሁለት ጆሮዎቿን በእጆቿ ደፍናለች። ዓይኖቿ ግን ከስክሪኑ አልተነሡም። የሮማ ወታደሮች ጌታን ይገርፉታል፤ ከጀርባው ሥጋ እየተቦጨቀ ይነሣል። ሪሞቱን ፈልጌ እስካጠፋው ድረስ እንዳፈጠጠች ነበር።

እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ ሌሊት ሌሊት ትባንን ነበር። ከመኝታ በፊት ስንጸልይ ግድግዳው ላይ ያለውን የስቅለት ሥዕል ላለማየት ፊቷን ትራሱ ውስጥ ትቀብራለች። አንድ ሌሊት «ጌታ አሁንም ያመዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አማቴን አልወቅስም። «መንፈሳዊ ነው ሲባል ጊዜ ተውኩላቸው» ነው ያሉት፤ እኔም ብሆን እተውላቸው ነበር። በብዙዎቻችን ቤት «መንፈሳዊ ነው» ከተባለ ሌላ ጥያቄ አይነሣም። ስለ ሌላው ፊልም ማን እንደሠራው፣ ምን እንዳለበት እንጠይቃለን። መንፈሳዊ የተባለውን ግን እንደ ጸበል ያለ ጥርጥር እንቀበለዋለን።

ልጄ ያየችው ሜል ጊብሰን የሠራውን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» ነው። 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ600 ሚሊዮን በላይ ያስገባ፣ ተዋንያኑ በአረማይክ፣ በዕብራይስጥና በላቲን የሚናገሩበት ትልቅ ሥራ ነው። እኔም ካየሁት በኋላ ለረጅም ጊዜ ከልቤ አልወጣም። አሜሪካ ውስጥ ሲታይ የተሰጠው ደረጃ ግን «አር» ነው፤ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲኒማ ቤት ገብቶ ሊያየው አይችልም ማለት ነው። በዓመቱ ጊብሰን ራሱ አምስት ደቂቃ ገደማ የሚሆነውን አሰቃቂ ትዕይንት ቆርጦ እንደገና አውጥቶታል። ከተቆረጠም በኋላ ደረጃው ዝቅ ሊልለት ስላልቻለ ያለ ደረጃ ነው የታየው።

ይህ መረጃ ሲኒማ ቤቱ በር ላይና ዲቪዲው ማሸጊያ ላይ ተጽፎ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ የለም። ፊልሙ በፍላሽ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይገለበጣል፣ በዲሽ ይመጣል፣ ዩቲዩብ ላይ ተቆራርጦ ይለቀቃል። በየመንገዱ የዕድሜ ገደቡ ይረግፍና «መንፈሳዊ» የሚለው ስም ብቻ ተርፎ ሳሎናችን ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው አንድ ነገር ያስደንቀኛል። ወንጌላውያኑ ግርፋቱን በአጭር ቃል ነው ያለፉት። ጅራፉ ስንት ጊዜ እንዳረፈ፣ ደሙ የት እንደፈሰሰ አይነግሩንም። ፊልሙ በዚያ ላይ ብዙ ደቂቃ ይቆያል። ወንጌል ውስጥ የሌሉ ሌሎች ትዕይንቶችንም ጀርመናዊቷ መነኩሲት አና ካታሪና ኤመሪክ አየቻቸው ከተባሉት ራእዮች ወስዷል። ይህን ስል ፊልሙ አይታይ ማለቴ አይደለም። ለአዋቂ፣ በጾም ወቅት፣ በጸጥታ ቢታይ ዋጋ አለው። ለስድስት ዓመት ሕፃን ግን ወንጌላውያኑ ራሳቸው ከመዘርዘር የተቆጠቡትን ነገር ማሳየት ነው።

ምን ይታይ፣ ምን አይታይ የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የጠራው። ስሙን ስንሰማ ዛሬ ፈገግ እንላለን፤ እኔ ግን ከስሙ ጀርባ ያለውን ስጋት ቀላል አላደርገውም። በጨለማ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ምስል የሰውን ልብ ሊይዝ እንደሚችል ገብቷቸዋል። በሌላው ዓለምም ፍርሃቱ ያው ነበር። በአሜሪካ ካቶሊኮች በ1930ዎቹ ፊልሞችን እየመዘኑ «የተወገዙ» የሚል መዝገብ እስከማውጣት ደረሱ፤ ምእመናንም የተወገዘ ፊልም ላለማየት ቃል ይገቡ ነበር። ሆሊውድ ራሱን የሚቆጣጠርበት ደንብም ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት ነበር፤ በ1968 ቀርቶ ዛሬ የምናውቀው የዕድሜ ደረጃ ተተካ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ቫቲካን በ1995 የሲኒማን መቶኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ ያወጣችው ዝርዝር ነው። አይታዩ የሚል አይደለም፤ እዩ የሚል ነው፤ 45 ፊልሞችን ይዟል። ከእነዚህ አንዱ ጣሊያናዊው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ በ1964 የሠራው የማቴዎስ ወንጌል ፊልም ነው። ፓዞሊኒ እምነት እንደሌለው በግልጽ የሚናገር የግራ ፖለቲካ ሰው ነበር። ፊልሙን የሠራው ግን ንግግሩን ከማቴዎስ ወስዶ፣ ሙያተኛ ተዋንያንን ትቶ፣ ተራ ሰዎችን ይዞ ነው፤ በመስቀሉ ሥር የምታለቅሰውን ድንግል ማርያምን ሆና የተወነችው የገዛ እናቱ ናት። የሠሪው ስም ቢታይ ኖሮ ፊልሙ በሩን አያልፍም ነበር። ዝርዝሩን ያወጡት ግን ሥራውን ነው የመዘኑት።

በተቃራኒው ደግሞ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ አልበኒ ከተማ ያለች አንዲት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የሠራችውን «ፌሲንግ ዘ ጃይንትስ»ን እንውሰድ። በ2006 ወጣ፤ አብዛኞቹ ተዋንያን የአጥቢያዋ ምእመናን ናቸው። በ100 ሺህ ዶላር ተሠርቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ስድብ የለበትም፣ እርቃን የለበትም፣ ደም የለበትም። ታሪኩ የሚሸነፍ ቡድን ስለሚመራ፣ መኪናው ስለምትበላሽበት፣ ልጅ ስላጣ አሠልጣኝ ነው። ሰውየው ሕይወቱን ለእግዚአብሔር ይሰጣል። ከዚያስ? ቡድኑ ዋንጫ ይበላል፤ አዲስ መኪና ይሰጠዋል፤ ሚስቱም ታረግዛለች።

ሠሪዎቹ ቅን ሰዎች መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ጸሎትን የሚያበረታ ልብ የሚነካ ክፍልም አለው። ነገር ግን አባቱ ታሞ ሲጸልይለት ከርሞ አባቱን የቀበረ ልጅ ይህን ፊልም ሲያይ ምን ይላል? ዓመታት ሙሉ ስለት ስትገባ ኖራ ልጅ ያላገኘች አክስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ብታይስ? በአገራችን የብልጽግና ወንጌል የሚባለው ትምህርት ስንቱን ቤት እንዳወከ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፊልም ከነውር የጸዳ ስለሆነ ብቻ እውነት አይሆንም። ብዙ ወላጅ የሚያጣራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ነውር ካልታየበት ይለፍ ይላል። እኔ ግን ከነውሩ ይልቅ የምፈራው የእውነቱን መጓደል ነው፤ ነውርን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፣ የተዛባ ተስፋን ግን ሲያድግና ሲሰበር ነው የሚያውቀው።

ስለ እውነት ካነሣን «ኖኅ» የተሰኘው የ2014 ፊልም እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ዳሬን አሮኖፍስኪ የሠራው ይህ ፊልም ትጉሃን የሚባሉ፣ ድንጋይ የለበሱ የወደቁ መላእክትን ያሳያል። ኖኅን መርከብ በመሥራት ያግዙታል፤ በመጨረሻም ወደ ሰማይ ይመለሳሉ። ትጉሃኑ የመጡት ከመጽሐፈ ሔኖክ ነው። መጽሐፉ ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቆጥረዋለች። ሔኖክን ገልጦ ያነበበ ሰው ግን ትጉሃኑ ሴቶችን እንዳገቡ፣ ሰውን የጦር መሣሪያ መሥራት እንዳስተማሩ፣ ተፈርዶባቸውም እንደታሰሩ ያውቃል። ፊልሙ ውስጥ ወዳጅ ሆነው ቀርበዋል። ኖኅም የሰው ዘር መጥፋት አለበት ብሎ በተወለዱ የልጅ ልጆቹ ላይ ቢላዋ ያነሣል። ኳታር፣ ባሕሬንና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፊልሙን ከመታየቱ በፊት ከልክለውታል፤ እነሱን ያስቆጣው ነቢይ በተዋናይ መታየቱ ነው። የእኛ ቅሬታ ሌላ ሊሆን ይገባ ነበር፤ ግን መጽሐፉ ቤታችን ሆኖ ያነበብነው ጥቂቶች ስለሆንን ቅሬታውም አልተሰማም።

የተዋናይ ፊት ነገር ከተነሣ እኔም የሚያሳስበኝ አለ። ታክሲ መስታወት ላይ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የተለጠፈውን፣ በ«ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» ጌታን ሆኖ የተወነውን የጂም ካቪዝልን ፎቶ ተሳልመው የሚሳፈሩ ሰዎች አይቻለሁ። ሕፃን ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ በሐሳቡ የሚመጣለት ሥዕለ አድኅኖው ነው ወይስ ተዋናዩ? በ1959 የተሠራውና 11 ኦስካር የወሰደው «ቤን ሁር» የጌታን ፊት አንድም ጊዜ አያሳይም። ጀርባውን እናያለን፣ ውኃ የሚሰጠውን እጅ እናያለን፣ ከዚያ የሚያየውን ሰው ፊት እናያለን።  እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ግን በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ዘንድ አላየሁም።

እኛ ቤት ዛሬ ልጆቹ ራሳቸው ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር»ን ነው። በ1981 የወጣ፣ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ያገኘ ነው፤ ማንም «መንፈሳዊ ፊልም» ብሎ አልሸጠውም። ስኮትላንዳዊው ኤሪክ ሊደል በ1924ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያው እሑድ ስለዋለ በሰንበት አልሮጥም አለ። በ400 ሜትር ገብቶ በ47.6 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ወሰደ። ሩጫ በደሙ ላለበት የእኛ አገር ልጅ ይህን ማስረዳት አያሻም፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ፊልሙ ሊደል ማጣሪያው እሑድ መሆኑን መርከብ ሲሳፈር እንደሰማ አድርጎ ያሳያል፤ በእውነቱ ከወራት በፊት ያውቅ ነበር። ይህን ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። ቀጥሎ የሆነውንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ሚስዮናዊ ሆኖ ወደ ተወለደበት ቻይና ተመለሰ፣ በ1945 ጃፓኖች ባሰሩበት ካምፕ ውስጥ ሞተ። ወንዱ ልጄ «ወርቅ ካገኘ በኋላ ለምን ሞተ?» አለ። ያን ምሽት ካወራነው በላይ ስለ እምነት አውርተን አናውቅም።

ሌላም ልማድ አለን። «የግብፁ ልዑል» የተሰኘው የ1998 የካርቱን ፊልም ሲጀምር ታሪኩን ለሥራው ሲባል እንደለወጠው በጽሑፍ ይናገራል። ይህን ሐቀኝነት ስለወደድኩለት መጽሐፍ ቅዱሱን ኦሪት ዘጸአት ላይ ከፍተን አጠገባችን እናስቀምጣለን፤ ልጆቹ ልዩነቱን ይፈልጋሉ። ሙሴን ከውኃ ያወጣችው በፊልሙ ንግሥቲቱ ናት፣ በመጽሐፉ የፈርዖን ልጅ ናት። በመጽሐፉ ስለ ሙሴ የሚናገረው አሮን በፊልሙ ወንድሙን የሚጠራጠር ሆኗል። የበኵር ልጆች ሞት ለትንንሾቹ ስለሚከብድ እዚያ ላይ አቁሜ አወራቸዋለሁ።

በአማርኛ ማየት ለሚፈልግ ቤተሰብ ዋናው አሁንም በሉቃስ ወንጌል ላይ የተመሠረተው የ1979ኙ «ኢየሱስ» ፊልም ነው። ከ2,000 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ለሕፃናት የተዘጋጀ አንድ ሰዓት ገደማ የሚሆን ቅጂም አለው። ልጆቻቸውን በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያሳድጉ ወዳጆቼ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ ያሳዩዋቸዋል፤ ልጆቹ ታሪኩን ስለሚያውቁት አማርኛው ይገባቸዋል። ከግብፅ መጥተው በአማርኛ የተተረጎሙት የቅዱሳን ገድል ፊልሞችም በብዙ ቤት አሉ። ቀረጻቸው የድሃ ነው፤ ጾሙ፣ ስግደቱ፣ የቅዱሳኑ አማላጅነት ግን የእኛው ነው፤ ስለዚህ ለልጅ ባዕድ አይሆኑበትም። የሰማዕታቱ መከራ የሚታይባቸውን ግን እኔ ሳላይ አላሳይም።

ወላጆች ሆይ፣ ልመናዬ ቀላል ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ምሽት ስጡና ፊልሙን አስቀድማችሁ እዩት። ቀኑ ሲደርስም አብራችኋቸው ተቀመጡ።

ያቺ ልጄ ዘንድሮ አሥራ አምስት ዓመት ሞላት። በጾሙ መጀመሪያ ያን ፊልም አብረን እንድናየው ጠየቀችኝ። ከሆሳዕና በኋላ የአራቱንም ወንጌላት የሕማማት ክፍል በየምሽቱ እናነባለን፤ ፊልሙን ዓርብ ማታ ከስግደት ስንመለስ፣ አያቷም ባሉበት እናየዋለን።