ከግሪክ ጦር ሜዳ የተመለሰው መምህር

በዋግ ኽምራ ደጋዎችም ሆነ በጎጃምና በጎንደር አድባራት፣ ብርሃነ ዓይኑን በሕፃንነቱ ያጣ ልጅ በታናሽ ወንድሙ እየተመራ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ዜማውንና ቅኔውን በጆሮው ተቀብሎ በልቡናው ሰሌዳ እየቀረጸ፣ ዕድሜውና ዕውቀቱ ሲበስል መሪጌታ ተሰኝቶ የሚያዩትን ደቀ መዛሙርት ሲያስተምር ቢገኝ የሚደነቅ ሰው አይኖርም። ትምህርቱ የቃል ትምህርት ነውና፣ ሰሚ ጆሮ እስካለ ድረስ ዓይነ ስውርነት ከጉባኤው አያስወጣም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን በመጽሐፍና በጥቁር ሰሌዳ ላይ የቆመ በመሆኑ ዓይነ ስውሩን ለብዙ ዘመን ከደጅ አስቀረው፤ ዓይኑም ጆሮውም ለተዘጋበት ልጅማ በጥንታዊውም በዘመናዊውም ጉባኤ ስፍራ አልነበረውም። ይህን ድርብ መዝጊያ ለመክፈት ከደከሙት ቀደምት መምህራን አንዱ፣ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ ከጦር ሜዳ የመጣ ሰው ነበር።

ሳሙኤል ግሪድሊ ሀው እ.ኤ.አ. በ1801 በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ ተወለደ። በ1824 የሕክምና ትምህርቱን በሃርቫርድ ከፈጸመ በኋላ፣ በሀገሩ ተቀምጦ እንደ ባልንጀሮቹ ኑሮውን ማደላደል ሲችል፣ ከቱርክ አገዛዝ ነጻ ለመውጣት ይዋጉ ወደነበሩት ግሪኮች ባሕር ተሻግሮ ሄደ። በዚያም አንድ ጊዜ ወታደር፣ ሌላ ጊዜ የቁስለኞች ሐኪም፣ በኋላም ለስደተኞች የተላከውን እህል አከፋፋይ ሆነ። በእኔ አስተያየት የኋላ ሥራው ሁሉ የበቀለው ከዚህ ከሦስተኛው አገልግሎቱ ነው። እህሉን እንደ ምጽዋት ከመበተን ይልቅ፣ በኤጊና ደሴት ስደተኞቹን የወደብ ግንብ እያስገነባ በደመወዝ መልክ ይሰጣቸው ነበር፤ እርከን ሠርቶ የሴፍቲኔት ስንዴ የተቀበለ የዋግ ገበሬ የዚህን አሠራር ምንነት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

በ1831 ወደ ቦስተን ሲመለስ፣ በስም እንጂ በግብር ገና ያልተመሠረተውን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እንዲመራ ተጠየቀ። የአውሮፓን ትምህርት ቤቶች ለመጎብኘት ሲሄድም የወታደርነት ጠባዩ አልለቀቀውምና፣ ለፖላንድ ስደተኞች ገንዘብ አድርሶ በመገኘቱ በበርሊን ተይዞ አምስት ሳምንት ያህል ታሰረ። ከእስር ተፈትቶ ሀገሩ ገብቶ በ1832 በአባቱ ቤት ስድስት ተማሪዎችን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ቆይቶ ፐርኪንስ የተባለ ነጋዴ ቤቱን ስለለገሰ ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ በዚሁ ሰው ስም ይጠራል። ሀው ተማሪዎቹን ንባብና ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን የእጅ ሥራም ያስተምራቸው ነበር፤ ሰው የሚያዝንላቸው ሳይሆን በላባቸው የሚያድሩ እንዲሆኑ ይሻ ነበርና።

በ1837 ሎራ ብሪጅማን የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ወደ እርሱ መጣች። በሁለት ዓመቷ የያዛት ጽኑ የትኩሳት በሽታ ዓይኗንም ጆሮዋንም ወስዶባት ነበር። ሀው ቁልፍ፣ ማንኪያ፣ ቢላዋ የመሳሰሉትን ዕቃዎች ስማቸው በጎላ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት እየለጠፈባቸው በጣቷ አስዳሰሳት፤ ከዚያም ወረቀቶቹን ከዕቃዎቹ ለይቶ እንድታዛምድ፣ በመጨረሻም ፊደላቱን አንድ በአንድ ነጣጥሎ ራሷ ቃሉን እንድትገጥም አደረጋት። ብዙ ሳምንታት በባዶ ማስመሰል ካለፉ በኋላ፣ ፊደላቱ የነገሮች ስም መሆናቸው ድንገት ተገለጠላት። የጣት ፊደልን ተምራ ከሰው ጋር እስከ መነጋገር ደረሰች። በዚያው ትምህርት ቤት የተማረችው አን ሰሊቫን በጣት ፊደል ከሎራ ጋር ስትነጋገር ቆይታ፣ በ1887 እንደ ሎራ ዓይኗም ጆሮዋም የተዘጋባትን ሄለን ኬለርን ልታስተምር ሄደች።

ሀው የማይነቀፍ ሰው አልነበረም። ባርቢዬ የተባለ የፈረንሳይ መድፈኛ መኮንን ያወጣውን የነጥብ ጽሕፈት ሉዊ ብሬይል አሻሽሎ በስድስት ነጥቦች ሲያጸናው፣ ሀው ግን የላቲን ፊደል ጎልቶ የሚታተምበትን የራሱን ዘዴ አልለቅም ብሎ ተከራከረ፤ ዓይነ ስውራን ከሚያዩት የተለየ ፊደል ሊኖራቸው አይገባም ባይ ነበር። ለጣት የሚቀለው ነጥቡ ሆኖ ሳለ በዚህ ጉዳይ ግትርነቱ ተማሪዎቹን ጎድቷል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ያው መለየትን የመጥላት ሐሳብ ግን በሌላ ስፍራ እውነተኛ ፍሬ አፈራ። በ1866 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በባታቪያ ከተማ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የመሠረት ድንጋይ ሲጣል በክብር እንግድነት ተጠርቶ፣ እንዲህ ያሉ ቤቶች ጥቂት እንዲሆኑ፣ ልጆቹም በተቻለ መጠን ከቤተ ሰባቸውና ከእኩዮቻቸው ሳይነጠሉ እንዲያድጉ መከረ። የሀገራችን ትምህርት ሚኒስቴርም በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወደዚሁ ሐሳብ አዘንብሏል። በዋግ ኽምራ ከሰሃላ ገጠር የሚነሣ ዓይነ ስውር ልጅ ከቀየው ሳይርቅ እንዲማር ከተፈለገ ግን፣ ብሬይል የሚያውቅ መምህር በዚያው በቀበሌው ትምህርት ቤት መገኘት አለበት፤ ይህም እንደ ሀው ያለ ሰው ከቦስተን እስኪመጣ ሳይጠበቅ በመምህራን ኮሌጆቻችን የሚዘጋጅ ነው።