የተረፈውን የመስማት ኀይል ስለ መጠበቅ

ዦሮ ለሰው ልጅ የትምህርትና የምክር በር ነው። ይህ በር ሲደክም ግን ኹልጊዜ ፈጽሞ አይዘጋም፤ ብዙ ሰዎች ቀጭኑን ድምፅ መስማት ሲሳናቸው ወፍራሙ ይቀርላቸዋል። ይህም የኾነበት ምክንያት፥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠመዘዘው በውስጠኛው ዦሮ፥ ቀጭኑ ድምፅ ከመግቢያው፥ ወፍራሙ ከጫፉ ዘንድ ስለሚታወቅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ንግግር ይሰማል፤ ዳሩ ግን «ሰ»ን ከ«ፈ» መለየት ስለሚቸግረው ፍቺው ያመልጠዋል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፉርት ከተማ ክሪስቶፍ ፎን ኢልበርግ የተባሉት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ ለዚህ ችግር የሚረዳ ስልት አስታወቁ። በቀዶ ሕክምና የገባ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀጭኑን ድምፅ ለነርቩ ያደርሳል፤ ወፍራሙን ግን በማጉያ መሣሪያ እየታገዘ ያው የተፈጥሮ ዦሮ ይሰማዋል። የኹለቱ መተባበር በጫጫታ መካከል ንግግርን ለመለየትና ዜማን ለማጣጣም ይረዳል።

ነገር ግን ሽቦው ሲገባ የተረፈውን የመስማት ኀይል ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የቀረውን አስቀድሞ መርምሮ መለካት፥ ሽቦውንም በዝግታ ማስገባት፥ ለበሽተኛው ጥቅሙንና ጕዳቱን ሳይሸሽግ መንገር ይገባዋል። አዲስ ጥበብ የሚመሰገነው ፈጣሪ ያስቀረውን ሲያግዝ ነውና።