ጥፋቱ የጀሪካኑ ብቻ አይደለም

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ውሃ የሚመጣበትን ሌሊት ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት በአንዱ እንዲህ ዓይነት ሌሊት 20 ሊትር ጀሪካን ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ። ቀና ማለት አቃተኝ። እናቴ "ከአልጋ እንዳትወርጂ!" አለችኝ። አምስት ቀን ሙሉ ተኛሁ፤ ሕመሙ ግን ባሰበት።

በስድስተኛው ቀን ያየኝ ሐኪም ከጀሪካኑ ይልቅ ስለ ውሎዬ ጠየቀኝ። ቢሮ ስምንት ሰዓት መቀመጥ፣ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ሶፋ ላይ ከስልክ ጋር። ወገቤ የደከመው ቀድሞ ነበር፤ ጀሪካኑ ሰበብ ሆነ እንጂ።

የወገብ ሕመም የብዙዎች ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም ነበረባቸው። ከአሥሩ በዘጠኙ ያህል ላይ ሕመሙን የሚያስረዳ የተለየ በሽታ አይገኝም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ግን አከርካሪው "ተሰብሯል" ማለት አይደለም።

ይበልጥ የሚያጋልጡን

• እንቅስቃሴ የሌለው ኑሮና የላላ የሆድና የጀርባ ጡንቻ
• ከመጠን ያለፈ ክብደት
• ሲጋራ ማጨስ
• ከባድ ዕቃ ደጋግሞ ማንሳት
• ጭንቀት፣ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት
• እርግዝና
• ከዚህ በፊት ወገብን ታሞ ማወቅ

ምን ይሻላል?

ሕመሙ ሲጀምር አንድ ሁለት ቀን ረገብ ማለት ይቻላል፤ ለቀናት መተኛት ግን ጡንቻን ያደክማል፣ ማገገምንም ያዘገያል። አቅም በፈቀደ መጠን ይራመዱ፤ የለመዱትን ሥራ ቀስ በቀስ ይቀጥሉ። ሲቀመጡ በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ ይበሉ። ዕቃ ሲያነሱ ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው፣ ዕቃውን ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ያንሱ። ጀሪካኑንም ግማሽ ግማሽ መሙላት አያሳፍርም።

ሳይዘገዩ ሐኪም ጋ የሚሄዱት

እግር ከዛለ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም ሕመሙ ከመውደቅና ከአደጋ በኋላ ከመጣ አይዘግዩ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለምክንያት መክሳት ካለም እንዲሁ፤ የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪን ሊያጠቃ ይችላልና።

እኔ ዛሬ ከቢሮ ስመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። እናቴ አሁንም "ተኝተሽ እረፊ" ትለኛለች። እኔ ግን እጇን ይዤ አብረን ወክ እንወጣለን፤ እሷም ወገቧን ያማታል።