ጐርፉ ከሸሸ በኋላ፤ ስለ አንድ ጥማድ ዘር

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ይህ ተረት በጐርፍ ለተጐዳ ገበሬ ከሚሰጠው ርዳታ ለብዙው ይስማማል። ባለፈው ዓመት እኛም እንደዚሁ ጮኸናል። የጣና ዳር ገበሬዎች በጐርፍ መጐዳታቸውን በመስከረም ሰማን፤ ማን ሰብሳቢ፥ ማን ገንዘብ ያዥ ይሁን እያልን ስንከራከር ጥቅምት አለቀ፤ ልብሱና ብስኩቱ ተጭኖ ፎገራ ሲደርስ ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። አንድ አዛውንት ያመጣንላቸውን ኮት በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከመረቁን በኋላ፥ እርሳቸው ቢለብሱም መሬታቸው ራቁቱን መቅረቱን ነገሩን። እኔ ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። ቀልድ አለመሆኑን የተረዳሁት ኋላ ጠይቄ ነው። የቋንቋ ተማሪ ነኝ እንጂ የእርሻ ዐዋቂ አይደለሁም፤ ቢሆንም ጠይቄ የተረዳሁትን ያህል ለጓደኞቼ ላካፍል።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል ተነሥተው ወደ ጣና የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ወንዙ ይህን ሁሉ ቍልቍለት አፈር እየጠረገ ይወርድና የፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስም የተሸከመውን ደለል እዚያው ይጥላል። እንዲህ ሲሆን የወንዙ ወለል ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ ስለሚሄድ፥ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ውሃው ከዳርቻው አልፎ በሜዳው ይንጣለላል። በ1998 ዓ. ም. ክረምት፥ በድሬዳዋና በደቡብ ኦሞ ጐርፍ በመቶ የሚቈጠር ነፍስ ባጠፋበት ጊዜ፥ በፎገራና በሊቦ ከምከምም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በከፍታ ቦታ ሰፍሮ ነበር።

ይሁን እንጂ የፎገራ ገበሬ ጐርፍን የሚያየው እኛ በከተማ እንደምናየው አይደለም። ሜዳውን ያበለጸገው ይኸው ደለል ነው። በ1970ዎቹ ወደዚያ የገባው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው ዋና እህል ለመሆን የበቃው ውሃ የሚተኛበት መሬት ስላገኘ ነው። ከዚህም ሌላ መሬቱ ዋልካ ስለ ሆነ እርጥበት አጥብቆ ይይዛል። ውሃው ከሸሸ በኋላ፥ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፥ ገበሬው ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ዘሩም አንድ ጠብታ ዝናብ ሳያገኝ በመሬቱ እርጥበት ብቻ አድጎ ለበጋ ይደርሳል። እንግዲህ ክፉ ጐርፍ ሩዙን ቢወስድ እንኳ፥ ያው ጐርፍ ትቶት በሚሄደው እርጥበት ሁለተኛ እህል ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። አዛውንቱ ራቁቱን ቀረ ያሉት ይህ መሬት ነው።

ታዲያ መሬቱ ለምን ራቁቱን ይቀራል? መልሱ አጭር ነው፤ ዘር የለም። የገበሬው ዘር የሚቀመጠው በቤቱ ውስጥ በጎታ ነው። ጎታ ደግሞ ከጭቃና ከጭድ የሚሠራ ስለ ሆነ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል፤ እህሉም ይበሰብሳል ወይም ይበቅላል። ከገበያ እንዳይገዛ ገንዘብ የለውም። ላሙን እንዳይሸጥ ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ሳምንት ላሙን ለመሸጥ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአራጣ መበደር ነው። ሁለተኛው መሬቱን ዘር ላለው ሰው በእኩል መስጠት ነው፤ ይኸውም ዘር ያለው ሰው ይዘራና ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። በጐርፍ የከሰረው ሰው በመጪውም በጋ የምርቱን ግማሽ ያጣል፤ ያጣውም ጥቂት ኪሎ ዘር ስላልነበረው ነው።

ጥቂት ኪሎ ስል በግምት አይደለም። ለአንድ ጥማድ መሬት፥ ማለት ለሩብ ሄክታር፥ ሽምብራ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይበቃል። 30 ኪሎ ብንል፥ 30 ኩንታል ሽምብራ ለ100 ቤተ ሰብ ለያንዳንዱ አንድ ጥማድ ያዘራል። ይህ የአንድ ትንሽ የጭነት መኪና ጭነት ነው። ገንዘቡ ጥቂት የሆነ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለአገር ሁሉ ምግብ ሊያበላ አይችልም፤ ይህን ግን ይችላል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ለአንድ አውራጃ ስንዴ ለማጓጓዝ ያላቸው ኃይል የማይናቅ ነው፤ ሆኖም ጥናቱ፥ ጨረታውና ፊርማው ጊዜ ይወስዳል፤ ዋልካ ደግሞ ፊርማ አይጠብቅም፤ ከደረቀ ተሰነጣጠቀ ማለት ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ማኅበሩ ዘሩን ከሩቅ አያመጣም፤ ጐርፍ ካልነካው ከዚያው አካባቢ ከፍታ ገበያ ይገዛል። በዚህ ዓይነት ገበሬው የሚያውቀውን ዘር ያገኛል፤ ገንዘቡም እዚያው አገር ይቀራል። ከመግዛቱ በፊት 100 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልልና ከሳምንት በኋላ ስንቱ እንደ በቀለ ያያል፤ ከ85 በላይ ከበቀለ ዘሩ ደህና ነው። የተቀባዮቹ ስም ዝርዝር በዕድሩ ወይም በቀበሌው ስብሰባ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ዘመድ ለዘመድ እንዳይሰጥ፥ ባል የሞተባት ሴትም እንዳትረሳ ከዚህ የተሻለ መቈጣጠሪያ የለም። ብዙ ቦታ ዘሩ በብድር ይሰጣል፤ ተቀባዩ በመኸር ጊዜ የወሰደውን ያህል ይመልስና ለከርሞ በከፍታ ቦታ በሚሠራ የጋራ ጎተራ ይቀመጣል። አንዳንድ ሰው «ለተጐዳ ሰው ብድር ምን ይባላል?» ይላል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን ጎተራው ከሞላ በሚቀጥለው ጐርፍ ገበሬው የእኛን ስብሰባ መጠበቅ አይኖርበትም።

ሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል። የመጀመሪያው፥ የተራበ ሰው ዘሩን ይበላዋል። ልጁ እያለቀሰ ሽምብራ መሬት ላይ የሚበትን አባት የለም፤ ብንፈርድበትም ፈራጆቹ የጠገብን ነን። ስለዚህ ዘር የሚሰጥ ማኅበር እስኪዘራ ድረስ የሚበላ እህል አብሮ መስጠት አለበት፤ ወይም ስንዴ ከሚያድለው ድርጅት ጋራ ቀኑን ማስማማት አለበት።

ሁለተኛው የጓያ ነገር ነው። ጓያ ርካሽ ነው፤ ውሃም ድርቅም ይችላል፤ ስለዚህ በችግር ጊዜ ሁሉም ወደ እርሱ ይሮጣል። ዳሩ ግን በውስጡ የነርቭ መርዝ አለበት። አንድ ሰው ለጥቂት ወራት ዋና ምግቡ ጓያ ብቻ ከሆነ እግሩ ሊሸመቅቅና ሽባ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሞች ላቲሪዝም ይሉታል፤ መድኃኒት የለውም። በደንቢያና በፎገራ፥ በወሎም በደላንታ በኩል፥ በዚህ ምክንያት በበትር የቀሩ ብዙ ናቸው። ከጤፍ፥ ከሩዝ ወይም ከሌላ እህል ጋራ ሲደባለቅ፥ ተዘፍዝፎም ውሃው ሲደፋ ጕዳቱ ይቀንሳል። እንግዲህ ገንዘቡ ትንሽ ስለ ሆነ ጓያ ብቻ ገዝቶ የሚያከፋፍል ማኅበር፥ በጐርፍ የተረፈውን ወጣት በበጋ እግሩን ሊያሳጣው ይችላል። ርካሹን ለማብዛት ሲባል ሽምብራውን መተው አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት አንድ ነገር ነው። ርዳታ በመጠኑ ብቻ አይለካም፤ በቀኑም ይለካል። በመስከረም መጨረሻ የደረሰ 30 ኪሎ ሽምብራ በኅዳር ከደረሰ መኪና ሙሉ ልብስ ይበልጣል። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ቀኑን የምናጣበት ምክንያት ይታወቃል፤ ክረምቱን ተበትነን እንከርማለን፤ ስንመለስም ከክርክር እንጀምራለን። ስለዚህ ለኅብረታችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ገንዘቡ በግንቦት፥ ከፈተና በፊት ይሰብሰብ፤ ገንዘብ ያዡም ያን ጊዜ ይመረጥ፤ ወረታ አካባቢ ካለ አንድ የገበሬዎች ዕድር ጋራ ከወዲሁ እንጻጻፍ። ጐርፍ ባይመጣ ገንዘቡ ለጋራው ጎተራ መሥሪያ ይሁን።

ኮቱን የተቀበሉን አዛውንት ዘንድሮም እዚያው ናቸው። ክረምቱም መምጣቱ አይቀርም።